የፕሮፌሰሩ ብስክሌት

እኛ አገር ምሁርን በጉባኤ የምናስተዋውቅበት የታወቀ ድግምት አለን። የመድረክ መሪው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ ያወጣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ «የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከ…፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከ…፣ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ደግሞ ከ…» እያለ ይወርዳል። በስንት ኮሚቴ እንደሠሩ፣ ስንት ጥናታዊ ጽሑፍ እንዳቀረቡ፣ ስንት አገር ተጋብዘው እንደሄዱ ይከተላል። ጭብጨባ። ሰውየው ግን ማን ናቸው? ከዓለም ዕውቀት ሁሉ ይህንን መርጠው ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ምን አግኝተውበት ነው? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው ጥያቄ የትኛው ነው? ወረቀቱ ላይ የለም። የሚጠይቅም የለም።

ልማዱ በየሙያው ያለ ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ ሲያርፍ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ለትምህርቱ ፍቅር ባይኖረው ቢበዛ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ልብ ወለድ ይጠላል (ይህም ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በሙያው ስለቆየሁበት አውቀዋለሁ)። የኢኮኖሚክስ መምህር ፍቅር ሲያጣ ግን ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ የሰው መሶብ ላይ ይታያል። እሱ ያስተማረው ልጅ እኮ ነገ በጀት ይመድባል፣ ታሪፍ ያወጣል፣ «እህል አለ» ወይም «የለም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ የት የት እንደተማሩ ከሰማን በኋላ፣ ወደዚህ ትምህርት ምን እንዳመጣቸውም የመጠየቅ መብት አለን ባይ ነኝ።

ምሳሌዬ ህንዳዊ ናቸው። «ከኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥቂት ይታገሰኝ፤ ወሎ ድረስ እንሄዳለን።

መጀመሪያ እንደ ደንባችን ላስተዋውቃቸው። ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1933 በቤንጋል፣ ሻንቲኒኬታን ተወለዱ። ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ፣ ከ1953 ጀምሮ ደግሞ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ካልካታ ውስጥ በጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዴልሂ፣ በለንደን፣ በኦክስፎርድና በሃርቫርድ አስተማሩ። በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት የድሮ ኮሌጃቸው የትሪኒቲ አለቃ ሆኑ። ይኸው፣ አጨብጭቡ። አሁን ስለ ሰውየው ምን አወቃችሁ? ብዙ በር እንደተከፈተላቸው አወቃችሁ። ወደ በሩ ማን እንደገፋቸው ግን አልነገርኳችሁም።

እንደገና ልጀምር።

በ1943 ቤንጋል ውስጥ ረሃብ ገባ። አማርትያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር (ልጅ ነውና ለጊዜው አንቱታውን ላንሳ)። የተራቡ ሰዎች በአያቱ ደጃፍ ያልፋሉ፤ ይለምናሉ። አያቱ የሳንስክሪት ሊቅ ናቸው። ለልጁ አንዲት የሲጋራ ጣሳ ሰጡትና ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ጣሳ ሩዝ እየሰፈረ እንዲሰጥ ፈቀዱለት። ከአንድ ጣሳ በላይ የለም። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ጣሳ ጨብጦ ደጅ የቆመ፣ የሰልፉ መጨረሻ የማይታየው ልጅ። ልጁ ሌላም ነገር ልብ አለ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቤተሰቦች፣ ከዘመዶቹ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ አንድም የተራበ አልነበረም። ረሃቡ አገር ላይ ወርዶ ሰው ይመርጥ ነበር።

በዓመቱ ግድም ዳካ ከተማ ውስጥ ሂንዱና ሙስሊም ሲተራረድ፣ አንድ በጩቤ የተወጋ ሰው ደሙ እየወረደ ወደ ቤታቸው ግቢ ገባ። ካዴር ሚያ ይባላል፤ ሙስሊም የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁ ውሃ ሰጠው፤ ሰው ጠራለት። አባትየው ሆስፒታል አደረሱት፤ አልተረፈም። ካዴር ሚያ ከመሞቱ በፊት የተናገረው ነገር ግን ከልጁ ጆሮ አልወጣም። ሚስቱ «በዚህ ብጥብጥ ወደዚያ ሰፈር አትሂድ» ብላው ነበር። የሄደው ቤት ውስጥ የሚበላ ስላልነበረ ነው። ፕሮፌሰሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ድህነት ነፃነትን ጭምር እንደሚነጥቅ ሲጽፉ፣ ይህን ሰው በስሙ ነው የሚያነሱት። ኢኮኖሚክስ ውስጥ የአንድ የቀን ሠራተኛ ስም ተጽፎ ያያችሁ ስንት ጊዜ ነው?

እንዲህም ሆኖ ልጁ በቀጥታ ወደ ኢኮኖሚክስ አልሮጠም። በሳንስክሪት ተማረከ፤ ሒሳብ ወሰደው፤ ፊዚክስም ሞከረው። ያሳደገው የታጎር ትምህርት ቤት ማርክ የሚመለክበት ቦታ አልነበረም። አንዲት ተማሪ ማርኳ ከፍተኛ መሆኑ በአሳቢነቷ ላይ ጥርጣሬ እንዳይጥልባት ስለተከላከሉላት አንድ መምህር ሴን እየሳቁ ይተርካሉ። የኛን ትምህርት ቤቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ ተረት ይመስላል። በኛ ዘንድ ማርክ ያለው ልጅ የሚያስበው ነገር ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ወላጅ አላየሁም።

ፍቅር ስል ማዘንና ማልቀስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሩኅሩኅ ሰው ሞልቷል፤ ረሃብን ያስረዳን ግን ጥቂት ነው። ሴን ካልካታ ኮሌጅ ሳሉ ሱካሞይ ቻክራቫርቲ የሚባል አብሯቸው የሚማር ወጣት አንድ አዲስ የአሜሪካ መጽሐፍ ከደግ የመጽሐፍ ነጋዴ ተውሶ አመጣ። የኬነት አሮው ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣ። የሁሉንም ሰው ምርጫ ይዞ አንድ የጋራ ውሳኔ ላይ በአግባቡ መድረስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በሒሳብ ያሳያል። ሁለቱ ልጆች ኮሌጅ ጎዳና ላይ ባለው ቡና ቤት ቁጭ ብለው ተከራከሩበት። ልብ በሉ፤ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ማንም አላዘዛቸውም። በዚያው ሰሞን ሴን የአፍ ካንሰር ይዟቸው ከባድ የጨረር ሕክምና ወስደዋል።

ካምብሪጅ ሲደርሱ ይኸንን ጉዳይ የሚፈልገው ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጥናት አማካሪያቸው ጆአን ሮቢንሰን የዋዛ ኢኮኖሚስት አልነበሩም፤ ነገር ግን ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ሴን የተፈለገውን በሌላ ርዕስ ጽፈው ዲግሪውን ወሰዱ፤ ጥያቄያቸውን ግን አልጣሉም። ኮሌጁ ለአራት ዓመት የፈለጉትን እንዲያደርጉ ዕድል ሲሰጣቸው ተቀምጠው ፍልስፍና ተማሩ። ወደ አሮው ጥያቄ ተመልሰው በ1970 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጡበት። የኖቤሉ ሽልማት መሠረትም ይኸው ነው። የኛ ወረቀት ይህን ሁሉ «ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀዋል» በሚል ሦስት ቃል ዘግቶ ያልፈዋል። ሰውየው ትልቁን ሥራቸውን የሠሩት ካምብሪጅን እየታዘዙም እየተቃወሙም መሆኑን ማን ይንገረን?

የቀድሞ የሙያ ባልደረቦቼ ሲሰበሰቡ ኢኮኖሚክስን «ነፍስ የሌለው ትምህርት» እያሉ ያሙታል። ዶክተር እሸቱ ጮሌ ኢኮኖሚክስ እያስተማሩ ግጥምም ይጽፉ እንደነበር ይረሱታል። እኔ ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጣቸው። በቤንጋሉ ረሃብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው አልቋል። ሴን በ1981 ባሳተሙት የድህነትና የረሃብ መጽሐፍ የዚያን ዓመት የእህል አቅርቦት ሲያሰሉ፣ ከቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ ያነሰው በ5 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ጋር ሲያስተያዩት ደግሞ በ13 ከመቶ ይበልጣል። እህሉ ነበረ ማለት ነው። በጦርነቱ ምክንያት ዋጋው ሰማይ ነካ፤ የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ባለበት ቀረ። መዝገብ ይዘው የተቀመጡት ሹማምንት ሩዙን ቆጠሩና ይበቃል አሉ። ማን ሊገዛው እንደሚችል አልቆጠሩም። እስቲ ይህ 5 ከመቶ ነፍስ የለውም በሉኝ!

አሁን ወሎ ደረስን።

ሴን በዚሁ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጡት ለኢትዮጵያ ረሃብ ነው፤ ለ1965 እና 66ቱ። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ለግቢው ተማሪ አሳይተዋል፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል። ያ ሁሉ የታወቀ ነው። ሴን የጠየቁት ግን ሌላ ነው፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ስንት ነበር? መልሱ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የደሴ ገበያ ዋጋ ይህን ያህል አልናረም ነበር። ከወሎ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የተጓዘ እህልም ነበር። የአገሪቱ ምርት በጠቅላላው ሲታይ ያን ያህል እልቂት የሚያመጣ ቅናሽ አላሳየም።

እንዴት ሆነ? የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ቀን አጣ። በሬውን ገበያ አወጣ፤ ሁሉም በሬውን ስላወጣ በሬ ረከሰ። የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ገበያው አልሰማውም። ገበያ ጩኸት የሚሰማው በብር ነውና። ቤንጋል ላይ ዋጋው ጮኸ፤ ወሎ ላይ ዝም አለ። ሁለቱም ቦታ ሰው አለቀ። አፋሩ ደግሞ ቀድሞውኑ በአዋሽ ሸለቆ ጥሩ ጥሩው የግጦሽ መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ መስኖ ተወስዶበታል፤ ድርቁ ሲመጣ ከብቱ ከሳ፤ የከሳውን ከብት በእህል ሲለውጥ ደግሞ ዋጋው ወደቀበት። ሴን የተጎጂዎቹን ሙያ ሲዘረዝሩ ከየቤቱ የተሰናበቱ አገልጋዮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎች ይመጣሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ለማኞችም አሉበት። ለማኝ እንኳ የሚለምነው አጣ።

ይህን ትንተና የሚሞግቱ የኛም የውጭም ምሁራን አሉ። የወሎ አዝመራ ራሱ መጥፋቱን አሳንሰዋል፣ የመንገዱን እጦት አቅልለዋል ይላሉ። ይሞግቱ፤ ደግ አደረጉ። (ሴንም ቢሆኑ የወሎ አዝመራ መውደሙን አልካዱም።) እኔን የሚቆጨኝ ክርክሩ ከኛ ክፍል ውስጥ ድምፁ ሲጠፋ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ፤ በኢኮኖሚክስ በማዕረግ ተመርቆ ባንክ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ። ኢኮኖሚክስን ለምን እንደመረጠ ስጠይቀው «አካውንቲንግ ሞልቶ ነው» አለኝ። የአቅርቦትና የፍላጎትን ሁለት መስመር ናፕኪን ላይ በአንድ ትንፋሽ ሣለልኝ። መስመሮቹ ይገናኛሉ፤ ዋጋው ይወሰናል፤ ሰላም ነው። «ደሴ ገበያስ በ66 ምን ሆነ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ ታሪክ ዲፓርትመንት ነው» አለኝ።

በሚድም በፋይናልም አልመጣም። ሃንድአውቱም ላይ የለም። ያስተማሩት መምህር ማን እንደሆኑ ስጠይቀው ግን የት የት እንደተማሩ በቅደም ተከተል ነገረኝ፤ አንድ ዲግሪ አልሳተም። እንግዲህ ልጁን ምን ብዬ ልውቀስ? የተሰጠውን ነው የተቀበለው። ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ የቆሙት ሰው ስለ አንድም ነገር ሲደነቁ፣ ሲናደዱ፣ ወይም «ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም» ሲሉ ካልሰማ ኢኮኖሚክስ መልሱ ያለቀ ትምህርት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሱካሞይ መጽሐፉን ተውሶ ሲሮጥ ያመጣው ገና ያላለቀ ነገር መኖሩን ስላወቀ ነው።

ነገሩ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን አንድ ዓምድ አላባክንበትም ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌቪዥናችን የኢኮኖሚክስ ምሁር አላጣም። ስማቸው ከነማዕረጉ ከደረታቸው በታች ይጻፋል። የዋጋ ንረቱ በዚህን ያህል ነጥብ ቀነሰ፣ ገበያው ረጋ ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ መርጋት መልካም ነው። ግን የደሴን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ገበያው ረጋ» ሲባል ሁለተኛ ጥያቄ አለው። የረጋው እህሉ በዝቶ ነው ወይስ ገዢው ቀጥኖ? ጤፍ ይገዙ የነበሩ ሰዎች አሁን ምን ይገዛሉ? በጆንያ ይሸምት የነበረው በኪሎ፣ በኪሎ ይሸምት የነበረውስ ወደ ምን ወረደ? መልሱን አላውቀውም ብለው ቢሄዱና ቢያጣሩ እንኳ እሰየው ነበር። ጠያቂው ጋዜጠኛ ይህን አይጠይቅም፤ ምሁሩም ሳይጠየቁ አያነሱትም። ማዕረጉ ግን ከደረታቸው በታች እንደተጻፈ አለ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሳወራለት ቆይቶ ተቆጣኝ። እሱ ራሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። «አያታቸው ሊቅ፣ አባታቸው የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ስማቸውን ያወጣላቸው ታጎር! እንዲህ ያለ ሰው ለትምህርቱ ፍቅር ቢኖረው ምን ይገርማል? እኔ ደመወዜ ከቤት ኪራይ አይተርፍም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ኮሌጅ ሄጄ ካላስተማርኩ ልጆቼ አይበሉም። ፍቅርህን ከየት ላምጣው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። መምህርን አስርቦ ስለ ረሃብ በፍቅር አስተምር ማለት ግፍ ነው፤ ይህን የሚሠራው አካል ከምሁራኑ ይልቅ ሊወቀስ ይገባዋል። ስለዚህ ወዳጄን አልሞግተውም። እኔ የምሞግተው የጠገቡትን ነው። ጥናቱ በውጭ ገንዘብ የሚሠራላቸውን፣ የአማካሪነት ክፍያው በዶላር የሚታሰብላቸውን፣ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚጋበዙትን። እነሱ ዘንድ ጊዜም ገንዘብም ስምም አለ። አንድ ነገር ለማወቅ መቸኮል ነው የጎደለው። መጠይቅ የሚያስሞሉት በተማሪ ነው፤ ሰንጠረዡን የሚሠራላቸው ሌላ ነው፤ እነሱ የሚታዩት ሽፋኑ ላይ ነው።

ስቶክሆልም በሚገኘው የኖቤል ሙዚየም ውስጥ ሴን የሰጡት አንድ አሮጌ ብስክሌት አለ። ለብዙ ዓመት የነዱት ነው። በዚያች ብስክሌት የቤንጋልን ገጠር እየዞሩ መረጃ ይሰበስቡ ነበር። አንደኛው ሥራቸው በየመንደሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መመዘን ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ወንዱና ሴቷ ልጅ እኩል ይበሉ እንደሆነ በኪሎ ለማወቅ። ሕፃን ደግሞ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ይንፈራገጣል፤ ጥርስ ካወጣ ይነክሳል። ረዳት ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነበር። ንክሻው ሲያስቸግር ግን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ልጆቹን እያነሱ ይመዝኑ ነበር። በዚያን ጊዜ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ናቸው።